ሃሪ ቤላፎንቴ፦ ከሃርለም እስከ እኛ ደጅ



በትምህርት ቤታችን የዓመቱ መዝጊያ በዓል ላይ ሳይዘመር የማይታለፍ አንድ የእንግሊዝኛ ዘፈን አለ። «ዊ አር ዘ ወርልድ» ይባላል። ትንንሾቹ ተማሪዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲያዜሙት ወላጆች በስልካቸው ይቀርጻሉ፤ ዕንባቸውን የሚጠርጉ እናቶችም አይጠፉም። ዘንድሮ ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከመካከላችን አንዱ «ለመሆኑ ይህን ዘፈን ያሠራው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አብዛኞቻችን «ማይክል ጃክሰን» አልን። ጥቂቶች ደግሞ «ላዮኔል ሪቺ» አሉ። ሁለቱም ዘፈኑን አብረው የጻፉ ስለሆኑ ማንም አልተሳሳተም። ነገር ግን ሐሳቡን መጀመሪያ ያመነጩት፣ ስልክ አንሥተው ሌሎቹን የቀሰቀሱት ሰው ሌላ ናቸው። እሳቸውም ድምፃዊው፣ የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋናዩ ሃሪ ቤላፎንቴ ናቸው።

ስለ እሳቸው ባነበብን መጠን አንድ ነገር ገረመን። እኚህ ሰው አሜሪካዊ ቢሆኑም ሥራቸው ወደምንኖርበት ወደ ኬንያም፣ ወደ አገራችን ወደ ኢትዮጵያም ደጋግሞ መጥቷል። እኛ ግን ዘፈናቸውን እንጂ እሳቸውን አናውቃቸውም ነበር። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሕይወታቸውንና የሥራቸውን ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የጻፍነው ካለ በቦታው እንገልጻለን።

የስደተኛ ልጅ

ሃሪ ቤላፎንቴ መጋቢት 1 ቀን 1927 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሃርለም በተባለው የጥቁሮች ሰፈር ተወለዱ። እናታቸው ከካሪቢያን ደሴት ከጃማይካ የመጡ ስደተኛ ነበሩ፤ በሰው ቤት እየሠሩና እያጸዱ ነበር የሚኖሩት። አባታቸው በመርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ስለነበሩ ቤት ውስጥ ብዙ አይገኙም። እናትየው ልጃቸውን ከሃርለም ችግር ለማራቅ ብለው ወደ ጃማይካ ላኩት፤ የልጅነቱንም በርካታ ዓመታት እዚያው አሳለፈ። ዘመዶቻቸው ዘንድ አገር ቤት ተልከው ያደጉ ጓደኞች ስላሉን ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ጃማይካ ለትንሹ ሃሪ ትልቅ ትምህርት ቤት ሆነችለት። በገበያ የሚጮኹ ሻጮች፣ ሌሊት ሙዝ በመርከብ የሚጭኑ ወዛደሮች፣ በየመንገዱ የሚዘፍኑ ሰዎች ዜማ በጆሮው ቀረ። ያን ጊዜ የሰማው ዜማ ኋላ ስሙን ዓለም ሁሉ እንዲያውቀው አድርጓል።

ወደ ኒው ዮርክ ሲመለሱ ግን ትምህርት አልሆነላቸውም። ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ነበረባቸው፤ ፊደላቱ ይምታቱባቸዋል። በዚያ ዘመን ይህን ችግር ተረድቶ የሚያግዝ መምህር ብዙም አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አቋርጠው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ ገቡ። ሥራቸው ጥይትና ቦምብ መጫን ነበር።

አንድ ቲኬት ለሁለት

ከጦርነቱ በኋላ በአንድ የኪራይ ሕንፃ ውስጥ የጽዳትና የጥገና ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። አንድ ቀን የአንዲት ተከራይን የመስኮት መጋረጃ ጠገኑ። ተከራይዋ በጉርሻ ፈንታ ሁለት የቲያትር መግቢያ ቲኬቶች ሰጠቻቸው። ቲያትሩ «አሜሪካን ኒግሮ ቲያትር» የሚባል፣ ጥቁር ተዋንያን የሚሠሩበት ቡድን ነበር። ወጣቱ ሃሪ ከዚያ በፊት ቲያትር አይቶ አያውቅም። በዚያች ምሽት ያየው ነገር ልቡን ስለማረከው ሄዶ በረዳትነት ለመሥራት ጠየቀ።

እዚያ ሳሉ በባሃማስ ደሴቶች ካደገ ሌላ ድኻ ወጣት ጋር ተዋወቁ። እሱም በኋላ ታላቅ የፊልም ተዋናይ የሆነው ሲድኒ ፖይቲየር ነው። ሁለቱ በቀናት ልዩነት የተወለዱ እኩዮች ናቸው። የሌሎችን ቲያትር ማየት ሲፈልጉ ለሁለት ቲኬት የሚበቃ ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ አንድ ቲኬት ይገዙና አንዱ የመጀመሪያውን ክፍል አይቶ በዕረፍት ሰዓት ይወጣል፤ ቁራጩን ለጓደኛው ያቀብልና ያየውን ይተርክለታል። ሌላኛው ገብቶ የቀረውን ያያል። ይህን ስናነብ አንድ መማሪያ መጽሐፍ ለሁለት እየተካፈልን ያጠናንባቸው ጊዜያት ትዝ አሉን።

ቤላፎንቴ መንግሥት ለተመላሽ ወታደሮች በሚሰጠው የትምህርት ድጋፍ በኒው ዮርክ የድራማ ትምህርት ቤት ገቡ። ከክፍል ጓደኞቻቸው መካከል ማርሎን ብራንዶ ይገኝ ነበር። ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጥ ሥራ ግን እጅግ ጥቂት ነበር፤ የሚገኘውም ቢሆን የአሽከር ወይም የሞኝ ሚና ነው። ለትምህርታቸውና ለኑሯቸው ገንዘብ ሲፈልጉ በ1949 በአንድ የጃዝ ክበብ ውስጥ በዕረፍት ሰዓት መዝፈን ጀመሩ። የመጀመሪያ ቀን ሲወጡ ያጀቧቸው እነ ቻርሊ ፓርከርና ማክስ ሮች፣ የዘመኑ ታላላቅ የጃዝ ተጫዋቾች ነበሩ።

እንዲህ ባለ ዕድል የጀመሩትን ዘፈን ግን ብዙም ሳይቆዩ ተዉት። በጊዜው የሚፈለገው የፍቅር ዘፈን የራሳቸው ሆኖ አልተሰማቸውም። ከጓደኞቻቸው ጋር ትንሽ ምግብ ቤት ከፈቱ። ጎን ለጎን የሕዝብ ዘፈኖችን ያጠኑ ጀመር፤ ዋሽንግተን ወደሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሄደው የእስረኞችን፣ የገበሬዎችንና የወዛደሮችን ድምፅ የያዙ የቆዩ ቅጂዎችን ያዳምጡ ነበር። ሲመለሱ ይዘው የመጡት አዲስ መንገድ ነው፤ የሠራተኛውን ዘፈን በመድረክ ላይ እንደ ተዋናይ ሆኖ መጫወት።

የወዛደሩ ዘፈን

በ1956 «ካሊፕሶ» የተባለው አልበማቸው ወጣ። በአሜሪካ የአልበሞች ሠንጠረዥ ላይ ለ31 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። የአንድ ድምፃዊ አልበም ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሲሸጥም የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ከዘፈኖቹ ሁሉ ታዋቂው የሙዝ ጫኞች ዘፈን የሆነው «ዴይ ኦ» ነው።

ይህ ዘፈን በየሠርጉና በየጨዋታው ለጭፈራ ስለሚከፈት የደስታ ዘፈን ብቻ ይመስለን ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሙዝ ሲጭኑ ያደሩ ወዛደሮች ጎሕ ሲቀድ የሚያዜሙት ነው። የጫኑትን ቆጥሮ የሚመዘግበው ሰው እስኪመጣ ይጠብቃሉ፤ ካልተቆጠረላቸው ክፍያ የለም፤ ወደ ቤትም አይሄዱም። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። በእኛም አገር በደቦ ሲታጨድና ሲወቃ አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዮቹ ይቀበላሉ፤ ድካሙም በዜማ ይቀላል። ቤላፎንቴ ያደረጉት እንዲህ ያለውን የሥራ ዘፈን ከወደቡ አንሥተው ወደ ትልቁ መድረክ ማምጣት ነው።

ለዚህ ምክንያት የሆናቸው ታላቁ ጥቁር ድምፃዊና ተዋናይ ፖል ሮብሰን የሰጧቸው ምክር ነበር። ሮብሰን ለወጣቱ ቤላፎንቴ የነገሯቸው ፍሬ ሐሳብ ይህ ነው፦ ሰዎች ዘፈንህን እንዲዘፍኑ አድርግ፤ ከዘፈኑት በኋላ አንተ ማን እንደሆንክ ማወቅ ይፈልጋሉ። ቤላፎንቴ ይህን ምክር ዕድሜያቸውን ሁሉ አልረሱትም። በ2011 ያሳተሙትን የሕይወት ታሪካቸውንም «የእኔ ዘፈን» የሚል ርእስ ሰጡት።

በፊልምም ስማቸው ተነሣ። በ1954 ከዶሮቲ ዳንድሪጅ ጋር «ካርመን ጆንስ» በተባለው የሙዚቃ ፊልም ዋናውን ወንድ ገጸ ባሕርይ ተጫወቱ። የሚያስገርመው፣ ፊልሙ የኦፔራ አዘፋፈን ስለሚጠይቅ የታዋቂው ድምፃዊ ድምፅ በሌላ ዘፋኝ ድምፅ ተተካ። በዚያው ዓመት በብሮድዌይ መድረክ ላይ ባሳዩት ሥራ የቶኒ ሽልማት አገኙ።

ቴሌቪዥንና የገንዘቡ ባለቤት

በ1950ዎቹ የአሜሪካ ቴሌቪዥን እንዴት ይሠራ እንደነበር ካልተረዳን የቤላፎንቴን ትግል ልንረዳ አንችልም። በዚያ ጊዜ አንድ ዝግጅት ብዙውን ጊዜ በአንድ ኩባንያ ገንዘብ ይዘጋጅ ነበር። ሳሙና ወይም ሲጋራ የሚሸጠው ኩባንያ ሰዓቱን ይገዛል፤ ስሙም በዝግጅቱ ላይ ይጠራል። ስለዚህ ማን በስክሪን ላይ እንደሚታይ የመወሰን ኃይል የነበረው ገንዘቡን የሚከፍለው ነው። ኩባንያው የደቡብ ክፍላተ ግዛት ደንበኞቹ እንዳይቀየሙበት ይፈራል። በደቡቡ ደግሞ ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩም፤ በአንድ ገበታም አይበሉም ነበር።

በታኅሣሥ 1959 ቤላፎንቴ «ቱናይት ዊዝ ቤላፎንቴ» የተባለ የአንድ ሰዓት ልዩ ዝግጅት በሲቢኤስ ቴሌቪዥን አቀረቡ። ወጪውን የቻለው የመዋቢያ ዕቃ አምራቹ ሬቭሎን ነበር። በዝግጅቱ ውስጥ የመዝናኛ ክበብ ጭፈራ አልነበረም። በሰንሰለት ታስረው ድንጋይ የሚፈልጡ እስረኞች ዘፈን፣ መንፈሳዊ መዝሙር፣ የሕዝብ ዜማ ነበር። ድምፃዊቷ ኦዴታም አብራቸው ቀረበች። ዝግጅቱ ተወደደ። በ1960 ለዚሁ ሥራ የኤሚ ሽልማት ተሰጣቸው፤ ይህን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆኑ።

ኩባንያው ተከታታይ ዝግጅቶችን ለማሠራት ተዋዋለ። በሁለተኛው ዝግጅት ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾች አብረው ታዩ። ቤላፎንቴ ኋላ እንደተናገሩት፣ ከዚያ በኋላ ከኩባንያው በኩል ጥያቄ መጣ፦ ወይ ሁሉም ጥቁር ይሁኑ፣ መደባለቁ ይቅር። ቤላፎንቴ እምቢ አሉ። ውሉ ፈረሰ፤ ገንዘባቸው ተከፈላቸው፤ የቀሩት ዝግጅቶች ግን ሳይሠሩ ቀሩ። አዲስ የኤሚ ተሸላሚ የሆነ ሰው፣ ገንዘቡ ሳይቀርበት፣ ስክሪኑን ራሱ ትቶ ሄደ ማለት ነው። ብዙ ሰው ዝናን የሚፈልገው ለመታየት ነው። እሳቸው ግን ከማን ጋር እንደሚታዩ ሌላ ሰው እንዲወስንላቸው አልፈቀዱም።

ከስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ እንግሊዛዊቷ ድምፃዊት ፔቱላ ክላርክ በራሷ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ እንግዳ አድርጋ ጋበዘቻቸው። አብረው ሲዘፍኑ ስሜቱ ወሰዳትና ክንዳቸውን ያዝ አደረገች። ወጪውን የሚከፍለው የመኪና ኩባንያ ተወካይ ይህን ሲያይ ተቆጣ፤ «እንደገና ይቀረጽ» አለ። ነጭ ሴት የጥቁር ወንድ ክንድ መንካቷ በቴሌቪዥን መታየት የለበትም ባይ ነው። ፔቱላ ክላርክና ባለቤቷ ግን ሌሎቹን ቅጂዎች አጠፉና ያ ክንድ የተያዘበት ብቻ እንዲቀር አደረጉ። ዝግጅቱ በሚያዝያ 1968 እንዳለ ተላለፈ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደሉትም በዚያው ወር ነበር።

በዚያው ዓመት የካቲት ወር ቤላፎንቴ «ዘ ቱናይት ሾው» የተባለውን ዝነኛ የምሽት ዝግጅት ለአንድ ሳምንት መርተዋል። ከጋበዟቸው እንግዶች መካከል ዶክተር ኪንግና ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ ይገኙ ነበር። ሁለቱም በወራት ውስጥ ተገደሉ። ከእነዚያ አምስት ምሽቶች ቅጂ አብዛኛው ጠፍቷል፤ ከሁለቱ ጋር የተደረገው ቃለ ምልልስ ግን ተርፏል። ባይተርፍ ኖሮ ያ ሁሉ ነገር እንዳልነበረ ይቆጠር ነበር።

ዝናውን ለምን ተጠቀሙበት?

ቤላፎንቴ ከዶክተር ኪንግ ጋር የተገናኙት በ1956 ነው። የተገናኙበትም ቦታ በሃርለም የሚገኘው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ይህ ቤተ ክርስቲያን በ1808 ሲመሠረት በአገራችን በኢትዮጵያ ጥንታዊ ስም መጠራቱን ስናውቅ ደስ አለን። ሁለቱ ሰዎች ለረጅም ሰዓት ተነጋገሩ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ኪንግ ሞት ድረስ ወዳጅነታቸው አልተቋረጠም።

ድምፃዊው ለንቅናቄው የሰጡት ስማቸውን ብቻ አልነበረም። በ1963 በበርሚንግሃም ከተማ ሰልፈኞች ሲታሰሩ የዋስ ገንዘብ አሰባሰቡ። የኪንግ ቤተሰብ ችግር ላይ እንዳይወድቅ የሕይወት መድን ገቡላቸው። በ1964 ክረምት በሚሲሲፒ ግዛት ጥቁሮችን ለመራጭነት የሚመዘግቡ ወጣቶች ገንዘብ ሲያልቅባቸው ቤላፎንቴ 70,000 ዶላር በጥሬ ገንዘብ በቦርሳ ይዘው በትንሽ አውሮፕላን ሄዱ። አብሯቸው የሄደው ያ የቲኬት ተካፋይ ጓደኛቸው ሲድኒ ፖይቲየር ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሲወጡ የዘረኛው የኩ ክላክስ ክላን ሰዎች በመኪና ተከታተሏቸው። ሁለት የታወቁ የፊልም ሰዎች በጨለማ በገጠር መንገድ ላይ ነፍሳቸውን ለማዳን ሮጡ። ገንዘቡ ግን በሰላም ደረሰ።

ወደ ምሥራቅ አፍሪካ

አሁን ወደምንኖርበት አገር እንምጣ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኬንያ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ሳለች ለአፍሪካውያን ወጣቶች ከፍተኛ ትምህርት የሚያገኙበት በር ጠባብ ነበር። ወጣቱ የሠራተኞች መሪ ቶም ምቦያ አሜሪካ ሄደው የኮሌጅ ዕድል ይለምኑ ጀመር። ኮሌጆቹ የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጡ፤ የአውሮፕላን ዋጋ የሚከፍል ግን ጠፋ። በዚህ ጊዜ ሃሪ ቤላፎንቴ፣ ሲድኒ ፖይቲየርና የቤዝቦል ተጫዋቹ ጃኪ ሮቢንሰን ስማቸውን ሰጥተው የእርዳታ ጥሪ ደብዳቤ ፈረሙ። ሕዝቡም አዋጣ። በመስከረም 1959 ሰማንያ አንድ ተማሪዎችን የያዘው አውሮፕላን ከናይሮቢ ተነሣ። በቀጣዩ ዓመት በቀጠለው ጉዞ ከሄዱት መካከል ዋንጋሪ ማታይ ይገኙበታል፤ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉት እናት ናቸው።

ቤላፎንቴ ደቡብ አፍሪካዊቷን ድምፃዊት ሚሪያም ማኬባንም አሜሪካ ስትገባ ደግፈዋታል። አብረው የሠሩት አልበም በ1966 የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። ከ1987 ጀምሮ ደግሞ የዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆነው አገልግለዋል። በ1994 ወደ ሩዋንዳ ሄዱ። በየካቲት 2004 ኬንያ መጥተው ለልጆች ትምህርት መስፋፋት ተናግረዋል፤ ኬንያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በነፃ ካደረገች ገና አንድ ዓመቷ ነበር። ትምህርቱን ማጠናቀቅ ያልቻለው ልጅ በሰባ ስድስት ዓመቱ ለሌሎች ልጆች ትምህርት ሊከራከር መጣ።

የሰባ ሰባቱ ረሃብና ያ ዘፈን

በጥቅምት 1984፣ በእኛ አቆጣጠር 1977 ዓ.ም.፣ የናይሮቢው ተወላጅ ካሜራማን መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ወሎ ውስጥ ከኮረም የቀረጹት ዜና ዓለምን አስደነገጠ። ድርቅ ነበር፤ ጦርነትም ነበር፤ የእህል መንገዱም በጦርነቱ ተዘግቶ ነበር። መጀመሪያ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ለእርዳታ ዘፈን አወጡ። ቤላፎንቴ ይህን ሲያዩ አንድ ነገር ከነከናቸው፦ ነጮቹ ለአፍሪካ ሲነሡ ጥቁር አሜሪካውያን አርቲስቶች የት አሉ? ወዲያው ወደ ሙዚቃ ሥራ አስኪያጁ ኬን ክሬገን ደወሉ። ክሬገን ላዮኔል ሪቺን አነጋገረ፤ ሪቺና ማይክል ጃክሰን ዘፈኑን ጻፉ፤ ኩዊንሲ ጆንስ አቀናበረ።

ጥር 28 ቀን 1985 ሌሊት ከአርባ በላይ ታላላቅ ዘፋኞች በሎስ አንጀለስ አንድ ስቱዲዮ ተሰበሰቡ። በር ላይ ትዕቢታችሁን ውጭ ተዉት የሚል ማሳሰቢያ ተለጥፎ ነበር። ሌሊቱ ሲረዝም ድንገት ሁሉም «ዴይ ኦ»ን ማዜም ጀመሩ፤ የሐሳቡን ባለቤት ማክበራቸው ነበር። ቤላፎንቴ ግን በዘፈኑ ውስጥ ብቻቸውን የሚያዜሙት አንዲት ስንኝ እንኳ የለችም። ከተቀባዮቹ ጋር ከኋላ ቆመው ተቀበሉ።

በዚያ ሌሊት አንድ የሚያስቅ ነገርም ሆነ። ስቲቪ ዎንደር በዘፈኑ ውስጥ የስዋሂሊ ቃላት እንዲገቡ ሐሳብ አቀረበ። ክርክር ተነሣ፤ በመጨረሻም በረሃብ የተጎዱት ኢትዮጵያውያን ስዋሂሊ እንደማይናገሩ ተነገረና ቀረ። በጠዋት በኪስዋሂሊ፣ ማታ ቤት ስንገባ በአማርኛ የምናወራ እኛ ይህን ስናነብ ከልባችን ሳቅን። ያው ስቲቪ ዎንደር ሁለት ኢትዮጵያውያት ሴቶችን ወደ ስቱዲዮው አምጥቶ ነበር፤ እነርሱም ስለ ሕዝባቸው ሆነው ዘፋኞቹን አመሰገኑ። ብዙዎቹ አለቀሱ።

ዘፈኑ በመጋቢት ወጣ፤ ከጊዜ ብዛትም ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። በሰኔ 1985 ቤላፎንቴ ራሳቸው ከእርዳታው ጋር ኢትዮጵያና ሱዳን ሄደው የተጎዱትን ጎበኙ። ለተደረገልን ሁሉ ምስጋና ይገባል። ከመካከላችን የወሎና የትግራይ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች አለን፤ በእርዳታ ስንዴ የተረፉ ዘመዶች አሉን።

ነገር ግን ምስጋናችንን ከገለጽን በኋላ የቀረ ጥያቄ አለን። በውጭ አገር የምንማር ልጆች «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ስንል ዛሬም ስለ ረሃብ የሚጠይቀን ሰው ያጋጥመናል። ያ የኮረም ምስል ከእኛ በፊት ደርሶ ስማችንን ነግሮልናል። በዘፈኑ ከተሳተፉት መካከል አንድም ኢትዮጵያዊ ድምፅ አልነበረም። ያመሰገኑት ሁለት ሴቶች ድምፅም በሸክላው ላይ የለም። ዓለም ስለ እኛ ዘፈነ፤ የእኛን ዘፈን ግን አልዘፈነም። የሮብሰንን ምክር ካስታወስን ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ማን እንደሆንክ የሚጠይቅህ ያንተን ዘፈን የዘፈነ ሰው ነው።

ይህን የምንለው ቤላፎንቴን ለመውቀስ አይደለም። እንዲያውም ይህን እንድንጠይቅ ያደረገን የእሳቸው ሕይወት ነው። እሳቸው የወዛደሩን ዘፈን ሲያመጡ ለወዛደሩ እንዲታዘንለት ብቻ አልፈለጉም፤ እንዲሰማም ፈለጉ። ቴሌቪዥኑን ትተው የሄዱትም ማን እንደሚታይና እንዴት እንደሚታይ ባለገንዘቡ ይወስን ስለተባሉ ነው።

የመጨረሻ ዘመናቸው

ቤላፎንቴ ፍጹም ሰው አልነበሩም። ሦስት ጊዜ አግብተዋል፤ አራት ልጆች ወልደዋል፤ በሥራና በትግል ምክንያት ከልጆቻቸው ርቀው የኖሩባቸው ዓመታት እንደነበሩም በመጽሐፋቸው ጽፈዋል። በንግግራቸው ኃይለኛ ስለነበሩ ብዙዎችን አስቆጥተዋል። በ2014 የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ለሰብአዊ አገልግሎታቸው ልዩ የክብር ኦስካር ሰጣቸው። በ2018 በዘጠና አንድ ዓመታቸው በመጨረሻው ፊልማቸው ላይ የታዩት የድሮውን ግፍ ለወጣቶች የሚተርክ ሽማግሌ ሆነው ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 2023 በዘጠና ስድስት ዓመታቸው በኒው ዮርክ ዐረፉ።

እኛስ?

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከተወያየንበት በኋላ ሁለት ነገር ለመጠየቅ ተስማማን። አንደኛው፣ በመጪው ዓመት መዝጊያ በዓል ላይ «ዊ አር ዘ ወርልድ» ሲዘመር ከመዘመሩ በፊት አንድ ተማሪ ወጥቶ ሃሪ ቤላፎንቴ ማን እንደነበሩ ለትንንሾቹ ይንገራቸው። ሁለተኛው፣ እሱ ካለቀ በኋላ የእኛው የሆነ አንድ የሥራ ዘፈን ይከተል። የአጨዳ፣ የወፍጮ ወይም የቡና መውቀጥ ሊሆን ይችላል። አውጪና ተቀባይ ያለው ይሁን። በመጽሐፍ ካልተገኘ ወላጆቻችንና አያቶቻችን ያውቁታል፤ በስልካችን ቀርጸን እናቆየው። የእነዚያ አምስት ምሽቶች ቅጂ እንደጠፋ ሁሉ ያልተቀረጸ ድምፅም ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

በክረምቱ ዕረፍት ከአያቶቻችሁ ጋር የምትገናኙ ሁሉ ይህን እንድትጠይቁልን አደራ እንላለን። የአማርኛ መምህራችን የምታመጡትን ሁሉ በአንድ ደብተር ሊጽፉልን ቃል ገብተዋል።

መልካም የዕረፍት ጊዜ።